ጎማው ወዴት እንደዞረ ማወቅ፦ ስለ ስዌርቭ ሞጁል የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፦ በውድድር ሮቦቶች ላይ እያንዳንዱ ጎማ በአንድ ሞተር እየተነዳ፣ በሌላ ሞተር ደግሞ ወደ ፈለገው አቅጣጫ ስለሚዞርበት ስዌርቭ ስለሚባለው አነዳድ። አንድን ጎማ ከነሁለት ሞተሩና ከነማርሹ የሚይዘው ክፍል ሞጁል ይባላል። አንደኛውን የጻፉት ወላጅ ናቸው፤ ሌሎቹን የጻፉት ተማሪዎች ናቸው። የአንዱ መልስ ለሌላው መነሻ ስለሚሆን አምስቱንም በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን በትምህርት ቤቱ የሮቦቲክስ ቡድን ውስጥ ይሠራል። እስካሁን የሚወዳደሩበት ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ዘንድሮ ወደ ስዌርቭ መቀየር አለብን ብለው ወላጆች ገንዘብ እንድናዋጣ ጠይቀውናል። በእርግጥ ያን ያህል ልዩነት አለው? — አንድ አባት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ባለ ስድስት ጎማው ሮቦት የሚዞረው እንደ ዶዘር ነው፤ በአንድ በኩል ያሉት ጎማዎች ወደፊት፣ በሌላው በኩል ያሉት ወደ ኋላ ሲነዱ አካሉ ባለበት ይዞራል። ጠንካራና ርካሽ ነው፤ በቀላሉም አይበላሽም። ነገር ግን ወደ ጎን መሄድ ስለማይችል፣ አንድ ሜትር ወደ ቀኝ ለመጠጋት መጀመሪያ ፊቱን ማዞር፣ መሄድ፣ ከዚያም እንደገና ፊቱን መመለስ አለበት። ግጥሚያው ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው መመላለስ ሲደጋገም ብዙ ሰከንድ ይወስዳል። ሜካነም የሚባለው፣ በዙሪያው በ45 ዲግሪ የተሰኩ ትንንሽ ሮለሮች ያሉት ጎማ ወደ ጎን መሄድ ይችላል፤ ሆኖም ሮለሮቹ በነፃ ስለሚዞሩ የተቃራኒ ቡድን ሮቦት ሲገፋው ለመቋቋም አቅም ያንሰዋል። ስዌርቭ ግን በተራ ጎማ ሙሉ ጉልበት እየገፋ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ፊቱን ወደ ዒላማው አድርጎም ወደ ጎን ሊሸሽ ይችላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ልጅዎ የሚሳተፍበት ይመስለኛል የምለው የፈርስት ሮቦቲክስ ውድድር የተጀመረው በ1992 ሲሆን፣ ቺፍ ዴልፊ የተባለው የሚሺጋን ቡድን በ1998 ጎማዎቹ የሚዞሩለት ሮቦት ይዞ ቀርቧል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስዌርቭን የሚሞክሩት በቂ የማሽን መሣሪያ ያላቸው ጥቂት ቡድኖች ነበሩ። ነገሩን የለወጠው ተዘጋጅተው የሚሸጡ ሞጁሎች ገበያ ላይ መዋላቸው ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አራት ሞጁል ከነሞተሩና ከነሴንሰሩ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ስለዚህ ከማዋጣትዎ በፊት ለቡድኑ ሁለት ጥያቄ ያቅርቡ፦ መለዋወጫ የሚሆን አምስተኛ ሞጁል በበጀቱ ውስጥ አለ ወይ? ሮቦቱን የሚነዳው ልጅስ ከውድድሩ በፊት በአዲሱ አነዳድ የሚለማመድበት ስንት ሳምንት አለው? ለሁለቱም የሚያረካ መልስ ካላገኙ፣ ዘንድሮ በደንብ የተለማመዱበት ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት ውድድሩ ሲቃረብ ከተገጣጠመ ስዌርቭ የተሻለ ውጤት ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ አሥራ አራት አባላት ያሉን ቡድን ነን። ሁለት ዓመት በተገዙ ሞጁሎች ተወዳድረናል። በዚህ የትምህርት ዕረፍት ግን የራሳችንን ሞጁል ነድፈን፣ በትምህርት ቤቱ ፍሬሳ ቆርጠን ለመሥራት ወስነናል። ከየት እንጀምር? የማርሹን ጥምርታ በምን እንምረጥ? ሌሎች የሚሳሳቱት ምን ላይ ነው? — የአንድ ቡድን የሜካኒካል ክፍል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ብዙዎች የሚጀምሩት ከሞተሩ ነው። እኔ የምመክራችሁ ከታች፣ ጎማው የውድድሩን ሜዳ የሚሸፍነውን ምንጣፍ ከሚነካባት ቦታ እንድትጀምሩ ነው። ጎማውን የሚያዞረው የመሪ ዘንግ መስመሩ ወደ ታች ቢቀጥል በዚያች ቦታ መሃል ማለፍ አለበት። መስመሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ወደ ጎን ከሸሸ፣ ሮቦቱ በተፋጠነ ቁጥር ጎማው ምንጣፉን የሚገፋበት ኃይል ጎማውን ራሱን ለመጠምዘዝ ይሞክራል፤ የመሪው ሞተርም አንግሉን ጠብቆ ለመያዝ ያለማቋረጥ ከረንት ይበላል። ይህ ስህተት በሥዕሉ ላይ አይታይም። የሚታወቀው የመሪው ሞተር ያለ ምክንያት ሲግል ነው።

ቀጥሎ የጎማው መጠን ነው። የተለመደው ባለ 4 ኢንች ማለትም 101.6 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 3 ኢንቹ ሞጁሉን ዝቅተኛና ቀላል ያደርገዋል፤ ነገር ግን ጎማው ሲበላ ተመሳሳዩ የሚሊ ሜትር ቅናሽ በትንሹ ጎማ ላይ የበለጠ ድርሻ አለው። ለመጀመሪያ ንድፍ ባለ 4 ኢንቹን እመርጣለሁ።

ጥምርታውን በስሌት ምረጡት እንጂ ሌላ ቡድን ስለተጠቀመበት አትውሰዱት። ኒዮ የሚባለው ሞተር ያለ ጭነት በደቂቃ 5676 ጊዜ ይዞራል። ጥምርታው 6.75 ለ1 ቢሆን፣ ማለትም ሞተሩ 6.75 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ቢዞር፣ ጎማው በደቂቃ 841 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ የጎማው ዙሪያ 31.9 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.5 ሜትር ገደማ ይወጣል። በ8.14 ለ1 ወደ 3.7 ሜትር ይወርዳል፤ በ6.12 ለ1 ደግሞ ወደ 4.9 ከፍ ይላል። እነዚህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያሉ ፍጥነቶች ናቸው፤ ሜዳ ላይ ሰበቃውና የባትሪው መድከም ይቀንሷቸዋል። ሜዳው 16.5 በ8.2 ሜትር ገደማ ሲሆን መሃሉ በመሰናክል የተሞላ ስለሆነ፣ ሮቦቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ የማትደርሱበት ከፍተኛ ፍጥነት ምንም አይጠቅማችሁም፤ ለእሱ ስትሉ ግን የመነሻ ጉልበት ታጣላችሁ።

ጉልበቱንም እንዲሁ አስሉት። ሮቦታችሁ ከነባትሪውና ከነመከላከያው 65 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ጎማው ከምንጣፉ ጋር ያለው የሰበቃ ቁጥርም 1.1 ነው እንበል። አራቱ ጎማዎች ሳይንሸራተቱ ሊገፉ የሚችሉት በድምሩ 700 ኒውተን፣ እያንዳንዱ ደግሞ 175 ኒውተን ገደማ ነው። ይህን በጎማው ራዲየስ፣ በ5.08 ሳንቲ ሜትር፣ ብናበዛው ጎማው ላይ 8.9 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) ይሆናል። ማርሹ ከመቶ አሥሩን ያባክናል ብለን ወደ ሞተሩ ስንመልሰው 1.5 ኒውተን ሜትር እናገኛለን። ኒዮ ተይዞ ሲቆም በ105 አምፔር 2.6 ኒውተን ሜትር ስለሚሰጥ፣ 1.5 የሚደርሰው 60 አምፔር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈሰው ከረንት ጎማውን ከማሽከርከርና ምንጣፉን ከመፋቅ በቀር ሮቦቱን ወደፊት አይወስደውም። ስለዚህ የከረንቱን ገደብ በኮድ ከዚያ በታች አድርጉት። ባትሪያችሁ ባለ 12 ቮልት አንድ ብቻ ነው፤ ዋናው መቁረጫም 120 አምፔር ነው። ስምንት ሞተሮች ባንድ ጊዜ ሲስቡ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ከ7 ቮልት በታች ሲወርድ ደግሞ መቆጣጠሪያው ራሱን ለማዳን ሞተሮቹን ይቆርጣል። ሹፌሩ የሚያየው ሮቦቱ በግፊያ መሃል ደጋግሞ ሲያነክስ ነው።

አሁን ወደ አካሉ እንምጣ። 65 ኪሎ ግራም ሮቦት በሰከንድ 4.5 ሜትር እየሮጠ ግድግዳ ሲመታ የያዘው ጉልበት ከ650 ጁል በላይ ነው፤ ከአንድ ሜትር ከፍታ ከወደቀ ሮቦት ጋር ይስተካከላል። ይህ ምት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ጥግ ላይ ባለ አንድ ሞጁል ላይ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ትልቁ የመሪ ኩሽኔታ ከላይ ወደ ታች የሚመጣውን ክብደትም ሆነ ከጎን የሚመጣውን ምት መሸከም የሚችል ዓይነት ይሁን፤ በላይኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ኩሽኔታ ይያዘው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን ጎማው መወላወሉን ይቀንሳል። የላይኛውንና የታችኛውን ላሜራ ከ6061 አልሙኒየም፣ በ6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቆርጣችሁ በምሰሶዎች ብታሳስሯቸው ሳጥን ይሆናሉ። ከታችኛው ላሜራ ላይ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ብዙ ቀዳዳ አታብዙበት፤ እዚያ የሚተርፈው ጥቂት ግራም ነው፤ የሚጠፋው ግን ጥንካሬ ነው።

የመንጃ ሞተሩን ከሚዞረው ክፍል ውጭ፣ ከላይ በማይንቀሳቀሰው አካል ላይ አስቀምጡት። ጉልበቱ በመሪው ዘንግ መሃል ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ በኮን ቅርጽ ማርሽ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ጎማው ይሄዳል። ሽቦ አብሮ ስለማይዞር ጎማው ያለ ገደብ መዞር ይችላል። የኮን ማርሹ በመኪና ዲፍሬንሻል ውስጥ ካሉት ኮሮናና ፒኞን ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠራው፤ ችግሩም አንድ ነው። በጣም ከተጠጉ ይጮኻሉ፣ ይግላሉ፤ ከተራራቁ ደግሞ በየምቱ ጥርሳቸውን ይሰብራሉ። ጋራዥ ውስጥ ዲፍሬንሻል የሚያስተካክል መካኒክ የኮሮናውን ጥርስ ቀለም ቀብቶ ጥቂት ካዞረው በኋላ ቀለሙ የት ላይ እንደተፋቀ ይመለከታል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ፤ የመነካኪያው ምልክት በጥርሱ ጫፍ ላይ ከሆነ በቀጭን ራንደላ እየጨመራችሁ ወደ መሃል አምጡት። ለቀጥተኞቹ ማርሾች ግን ስሌቱ ቀላል ነው፦ በኢንች ዲያሜትር 20 ጥርስ ባላቸው ማርሾች ላይ የሁለቱን ጥርስ ደምራችሁ ለ40 ስታካፍሉ በዘንጎቹ መካከል ያለውን ርቀት በኢንች ታገኛላችሁ። 14ና 50 ጥርስ ያላቸው ለምሳሌ 1.6 ኢንች፣ ማለትም 40.64 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። በዚያ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያነሰ ክፍተት መጨመር ይበቃል።

የመጨረሻው ነጥብ በንድፉ ሥዕል ላይ የሚረሳው ነው። ሞጁሉ ተበላሽቶ በሌላ እስኪቀየር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በፍጻሜው አካባቢ ባሉ ግጥሚያዎች መካከል ያለው ጊዜ በደቂቃዎች ይቆጠራል። ሞጁሉን ከሮቦቱ የሚያላቅቁት ቡሎኖች ሁሉ ከላይ በአንድ ዓይነት ቁልፍ የሚደረስባቸው ይሁኑ፤ ከበስተጀርባቸው ዳዶ የሚይዝ ሁለተኛ እጅ የሚፈልግ ቡሎን አይኑር። የሞተሩና የሴንሰሩ ሽቦ በሶኬት ይለያይ። አራቱንም ከመቁረጣችሁ በፊት አንዱን ብቻ ሥሩና ጣውላ ላይ አስራችሁ፣ ከ15 ኪሎ ግራም ያላነሰ ክብደት ጭናችሁበት፣ በምንጣፍ ቁራጭ ላይ ለሰዓታት ወዲያና ወዲህ አዙሩት። ከዚያ ፍቱት። ግራሶው ጠቁሮ ብረታማ ብናኝ ካለበት አንድ ነገር በትክክል አልተገጠመም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የቡድናችንን ኮድ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከግጥሚያ ስንመለስ የኋላው ግራ ጎማ ሁልጊዜ ወደ 10 ዲግሪ ያህል ተጣሞ እናገኘዋለን። ኮዱን ደጋግሜ ብመረምርም ስህተት አላገኘሁበትም። ሮቦቱ ያለ ሹፌር በሚሄድበት ጊዜም ከታቀደለት መስመር ይወጣል። ምን ላድርግ? — የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ነታንያ፣ እስራኤል

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽው ስዌርቭን ከሚያስቸግሩት ነገሮች ሁሉ ዋናውን ነው። ማርሹ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሞጁሉ ጎማው ወዴት እንደዞረ በትክክል ካላወቀ ከተራ ጎማ ይብሳል፤ ሦስቱ ጎማዎች ወዲህ ሲሄዱ አንዱ ወዲያ ይጎትታቸዋል። 10 ዲግሪ የተጣመመ ጎማ በአንድ ሜትር ጉዞ 17 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ሊወስድ ይሞክራል። ሌሎቹ ስለሚይዙት አይወስድም፤ በምትኩ እየተፋቀ ጎማው ይበላል፣ ሞተሩም ይግላል።

ችግሩ ከግጥሚያ በኋላ የሚታይ ከሆነና በአንድ ጎማ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ኮዱ አራቱን ሞጁሎች የሚያዝዘው በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሆነ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብረቱን ነው። የመሪውን ትክክለኛ አንግል የሚነግረው ሴንሰር የሚያነበው በዘንጉ ጫፍ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ማግኔት ነው። የማግኔቷ ማጣበቂያ ከላላ በምት ጊዜ ትንሽ ትዞራለች፤ ሴንሰሩም ያለ ምንም የስህተት መልእክት የተሳሳተ አንግል መንገሩን ይቀጥላል። አንድ ቡድን ይህንኑ ችግር ሦስት ቀን በኮድ ውስጥ ሲፈልግ አይቻለሁ፤ በመጨረሻ ሞጁሉን ከፍተው ማግኔቷን በጥፍራቸው ሲነኳት ዞረች። ስለዚህ ሞጁሉን ክፈቺና ከማግኔቷ ወደ ዘንጉ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር በቋሚ ማርከር አስምሪ። ከሚቀጥለው ግጥሚያ በኋላ መስመሩ ከተቆራረጠ መልሱን አገኘሽ። መስመሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጎማው ከተጣመመ ግን ጥፋቱ በማርሹና በዘንጉ መካከል ነው፤ ማርሹን የሚይዘው ቁልፍ ወይም ብሎን ላልቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ዜሮው፣ ማለትም ጎማው ቀጥ ሲል ሴንሰሩ የሚያነበው መነሻ፣ እንዴት እንደተወሰደ ነው። ጎማዎቹን በዓይን አስተካክሎ ዜሮ ማድረግ አይበቃም። ሮቦቱን ከመሬት አንሥታችሁ ረጅም ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ በግራው የፊትና የኋላ ጎማ ላይ አስደግፉ፤ ሁለቱም ጎማ ሙሉ ጎናቸው ቱቦውን ይንካ። በቀኙም እንዲሁ። በዚያ ጊዜ የሁሉም ጎማ የኮን ማርሽ ወደ አንድ ጎን፣ ለምሳሌ ሁሉም ወደ ግራ፣ ማየት አለበት፤ አንዱ ወደ ተቃራኒው ካየ ያ ጎማ ሮቦቱ ወደፊት ሲታዘዝ ወደ ኋላ ይሽከረከራል። ከዚያ የእያንዳንዱን ሴንሰር ንባብ መዝግቢና በኮዱ ውስጥ እንደ መነሻ አስገቢው። ንባቦቹን በወረቀት ጽፋችሁ በሮቦቱ ላይ ለጥፉት፤ ከግጥሚያ በፊትና በኋላ ማወዳደሪያ ይሆናል።

ኮዱም ትክክል መሆኑን በእጅሽ አስልተሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ጎማዎቹ ከሮቦቱ መሃል 30 ሳንቲ ሜትር ወደፊትና 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢገኙ፣ ሮቦቱም በሰከንድ 2 ሜትር ወደፊት እየሄደ በሰከንድ 3 ራዲያን ወደ ግራ እየዞረ ቢሆን፣ የፊተኛው ግራ ጎማ ወደፊት 2 ሲቀነስ 0.9፣ ማለትም 1.1 ሜትር፣ ወደ ግራ ደግሞ 0.9 ሜትር በሰከንድ መሄድ አለበት። ይህ 1.42 ሜትር በሰከንድ በ39 ዲግሪ ነው። የፊተኛው ቀኝ ግን ወደፊት 2.9 ወደ ግራ 0.9፣ ማለትም 3.04 ሜትር በ17 ዲግሪ ይሆናል። የኋላዎቹ ፍጥነታቸው ከፊተኞቹ ጋር እኩል ሆኖ አንግላቸው ወደ ቀኝ ይገለበጣል። ኮድሽ እነዚህን ቁጥሮች ካወጣ ሒሳቡ ጤነኛ ነው።

ያለ ሹፌር በሚሄድበት ጊዜ ከመስመር ስለ መውጣቱ፣ ከተጣመመው ጎማ በተጨማሪ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የመንጃው ዘንግ በመሪው መሃል ስለሚያልፍ፣ የመንጃ ሞተሩ ቆሞ መሪው ብቻ ቢዞር እንኳ የጎማው ማርሽ በቆመው ማርሽ ዙሪያ ይንከባለላል። የኮን ማርሾቹ ጥርስ 15ና 45 ከሆነ መሪው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ጎማው የዙሩን ሲሶ ይሽከረከራል፤ በባለ 4 ኢንች ጎማ ይህ 10.6 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎማው በ90 ዲግሪ በዞረ ቁጥር 2.7 ሳንቲ ሜትር ሞተሩ ያልቆጠረው ጉዞ ይኖራል ማለት ነው። በአንድ ጉዞ ላይ ብዙ ጊዜ አቅጣጫ ስትቀይሩ ስህተቱ ሊደማመር ይችላል። የመሪውን የአንግል ለውጥ በ3 አካፍለሽ ከጎማው ቆጠራ ላይ ማረም ነው መፍትሔው፤ የሚደመር ይሁን የሚቀነስ የሚወሰነው በማርሹ አቀማመጥ ስለሆነ፣ የመንጃ ሞተሩን ይዘሽ መሪውን በእጅሽ እያዞርሽ ጎማው ወዴት እንደሚሄድ አይተሽ ወስኚ።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። የተገዛ ሞጁል ማስመጣት አቅማችን አይፈቅድም። 3ዲ ፕሪንተርና አርዱዪኖ አለን። ትንሽ ስዌርቭ ሮቦት ለመማሪያ መሥራት ይቻላል? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይቻላል፤ እንዲያውም ትልቁን ንድፍ አሳንሶ ከመቅዳት ይልቅ ለመጠኑ የሚስማማ ሌላ ንድፍ መያዝ ይሻላል። ትንሽ ሮቦት ላይ ጎማው ያለ ገደብ እንዲዞር አያስፈልግም። ተራ ሰርቮ፣ ማለትም ወደታዘዘው አንግል ዞሮ የሚቆም ትንሽ ሞተር፣ 180 ዲግሪ ይዞራል፤ የመንጃ ሞተሩ ወደፊትም ወደ ኋላም መሽከርከር ስለሚችል፣ 180 ዲግሪ ሁሉንም አቅጣጫ ይሸፍናል። ስለዚህ ማርሽ ያለበትን ትንሽ የዲሲ ሞተር ከጎማው ጋር በሚዞረው ክፍል ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ሽቦው ወደ ግራና ቀኝ 90 ዲግሪ ብቻ ስለሚጠማዘዝ ጥቂት ትርፍ ርዝመት ይበቃዋል። የዚህ ንድፍ ድክመት አንድ ነው፦ ሮቦቱ አቅጣጫውን ቀስ እያለ ሲቀይር አንግሉ ከሰርቮው ጫፍ ሲያልፍ ጎማው ሙሉ 180 ዲግሪ ወደ ሌላው ጫፍ መመለስ አለበት። በዚያች ቅጽበት የመንጃ ሞተሩን አቁሙት።

ለመሪው ዘንግ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎንና 608 የሚባሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ተጠቀሙ፤ የውስጥ ቀዳዳቸው 8፣ የውጭ ዲያሜትራቸው 22 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን ቢያንስ በ30 ሚሊ ሜትር አራርቃችሁ በታተመ ቤት ውስጥ አስገቧቸው። በአራት ሞጁል ፋንታ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ሦስት ሞጁሎች ሥሩ፤ ወጪው ይቀንሳል፣ ሦስት ጎማ ደግሞ ወለሉ ባይስተካከልም ሁልጊዜ መሬት ይነካል። አራት ሲሆን አንዱ ተንጠልጥሎ የቀረ ጊዜ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል። ሰርቮዎቹን ከአርዱዪኖው (ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው) ባለ 5 ቮልት ፒን ጋር አታገናኟቸው፤ የብረት ጥርስ ያለው አንድ ሰርቮ ተጨናንቆ ሲቆም ከ2 አምፔር በላይ ሊስብ ስለሚችል የራሱ ኃይል ምንጭ ይኑረው፤ የሁለቱ ኔጌቲቭ መስመር ግን ይገናኝ።

ቆይታችሁ ሰርቮውን ትታችሁ በዲሲ ሞተርና በማግኔት ሴንሰር መሪ ለመሥራት ብታስቡ፣ ኤኤስ 5600 የሚባለው ርካሽ ሴንሰር አንድን ዙር በ4096 ክፍል ያነባል። ነገር ግን ሁሉም የተሠሩት በአንድ ቋሚ አድራሻ ስለሆነ ሦስቱን በአንድ መስመር ላይ ብታገናኙ አርዱዪኖው ሊለያቸው አይችልም። ወይ በአናሎግ መውጫቸው አንብቧቸው፣ ወይም መስመሩን የሚያቀያይር ሌላ ቺፕ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ የስዌርቭ ጎማ መቼ መቀየር አለበት? ቡድናችን እስኪላላጥ ድረስ ይጠብቃል። — የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሚኒያፖሊስ

መልስ፦ እስኪላላጥ ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል። ሮቦቱ የሄደበትን ርቀት የሚያውቀው የጎማውን ዙር ቆጥሮ በዙሪያው መጠን በማባዛት ነው። 4 ኢንች የነበረው ጎማ 3.75 ኢንች ሲቀር፣ ኮዱ ግን አሁንም 4 ነው ብሎ ካሰበ፣ 5 ሜትር ሂድ የተባለው ሮቦት 4.69 ሜትር ላይ ቆሞ ደረስኩ ይላል። 31 ሳንቲ ሜትር ማለት ዒላማውን መሳት ነው። አራቱ እኩል ካልተበሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ መሄዱም ይጠፋል፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ አትቀይሩ፣ አራቱንም በአንድ ቀን ቀይሩ። በየውድድሩ ቀን ጠዋት ዲያሜትራቸውን በካሊፐር ለኩና ቁጥሩን በኮዱ ውስጥ አድሱት። ሜትር ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ ሮቦቱን 5 ሜትር በቀስታ ንዱት፤ ሜትሩ ከሚለውና ኮዱ ከሚለው መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ጎማው ገና አዲስ ቢመስልም የተጻፈው ዲያሜትር ትክክል አይደለም።